ከዱባይ የመጣው ሰባት ቁጥር

ቅዳሜ፣ ጥር 10 ቀን 2006

ሙቀት። ሲሚንቶ አልገባም። የጫነው መኪና ምዕራብ ዓባያ ላይ ጎማው ፈንድቶ ቆሟል። ልጄ ከውሰር ሾፌሩን በስልክ ስታባብል አረፈደች። እኔ የመሳቢያውን ቁልፍ ይዤ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ሱቁ ውስጥ አባትና ልጅ ሁለታችንም ሥራ አለን።

ከሰዓት በኋላ ሜዳ። የጎልፍ ሜዳ ብዬ ስጽፈው ለራሴም ያስቀኛል… የመንገድ ሥራው ካምፕ ሲነሳ ፈረንጆቹ የተዉልን ግጦሽ ነው። ዘጠኝ ጉድጓድ ነበረው፤ አሁን ግማሹ ላይ ከብት ይተኛበታል። ደግፌ የካምፑ ቀያሽ ስለነበር ጨዋታውን ለመደ። እኔ ብረትና ሲሚንቶ ሳቀርብላቸው ለመድኩ። አቶ ኤርጫፎ የሙዝ ማሳቸው ከሜዳው ጋር ስለሚዋሰን፣ ኳስ ሲመልሱ ሲመልሱ ለመዱ። ለሦስታችን አንድ ከረጢት ዱላ ነው የቀረልን። በየተራ እንመታለን።

አራተኛው ጉድጓድ ጋ ጎርፍ የበላው ቦረቦር አለ። ሕጉ ከፈረንጆቹ ጊዜ ጀምሮ አንድ ነው፤ ቦረቦሩን መሻገር በሰባት ቁጥር ዱላ ብቻ። ደግፌ ተሻገረ። አቶ ኤርጫፎ ተሻገሩ። የኔ ኳስ የማዶውን ጫፍ ነክታ ወደ ታች ተመለሰች። ነፋስ ነበር።

ነፋስ ነበር እንዴ?

ሰኞ፣ ጥር 12

ኸይሪያ ትከሻዬን በዘይት አሸችኝ። የባለቤቴ መዳፍ ከባድ ነው። "ኳሷ ተሻገረች?" አለችኝ። ነፋስ ነበር አልኳት። ማሸቷን ቀጠለች።

ለኳሷ ብላ አይደለም የምትጠይቀኝ። የዐረፋ ዕለት፣ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ፣ "መቼ ነው የምታርፈው?" አለችኝ። እኔም አፌን ሞልቼ፣ "በሰባት ቁጥር ቦረቦሩን መሻገር ያቃተኝ ቀን የሱቁን ቁልፍ ለከውሰር አስረክባለሁ" አልኩ። ያኔ እየሳቅኩ እሻገር ነበር። ሥጋ በልቼ ስጠግብ ብዙ እናገራለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ከውሰርን ሐዋሳ ያለ አንድ ባንክ ጠርቷታል። ፈተናውን አልፋለች። መቼ ተፈተነች? ለናቷ ነው የነገረችው።

"ሁለት ዓመት ሙሉ በዲግሪዋ ሚስማር ስትመዝንልህ ነበር" አለችኝ ኸይሪያ። "ሱቁ የሷ ከሆነ ትቀራለች። ካልሆነ ትሄዳለች። እስከ የካቲት መጨረሻ መልስ ስጪን ብለዋታል።"

"ለምን ራሷ አልነገረችኝም?"

"ቦረቦሩን እየጠበቀች ነዋ።"

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ኳሷ ቦረቦር ውስጥ ገባች። መሃሉ ላይ። ዛሬ ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

"ትከሻህ ነው" አለ ደግፌ። "ታማሚ አይቆጠርበትም።" ጥሩ ሰው ነው። ማታ ቤት ስገባ፣ ትከሻዬን አሞኝ ስለነበር አልተቆጠረም አልኩ። ኸይሪያ ዘይቱን አመጣች።

ሐሙስ፣ ጥር 22

የኸይሪያ ወንድም ረሺድ ለዕቃ ዱባይ ነው። ደወልኩለት። አዲስ ዱላ ይዘህልኝ ና አልኩት። "ስንት ቁጥር?" አለኝ። ሁሉንም፣ በተለይ ሰባትን።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ረሺድ ገባ። ዱላዎቹ ያብረቀርቃሉ። ራሳቸው ደልደል ያለ፣ ከኋላ ጎድጓዳ። ሰባት ቁጥርን አውጥቼ ቆምኩበት… መያዣው ደረቴ ጋ ደረሰ።

"እዚያ ሱቅ ውስጥ ሰውን እንደ ልብስ ሰፊ ነው የሚለኩት" አለኝ ረሺድ። "ከእጅ አንጓ እስከ ወለል። ዱላ በቁመትህ ካልተስተካከለ ኳሱ ይጣመማል አሉኝ። ተጫዋቹ የታል ሲሉኝ እኔው ቆምኩላቸው።"

"ረሺድ፣ አንተን ለክተው ለኔ?"

"ቤተሰብ አይደለን?"

ረሺድ አምፖል ለመቀየር ወንበር አያስፈልገውም። እኔ ወንበርም ላይ ቆሜ አልደርስበትም። አመሰገንኩት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ተሻገረች! በሩቁ! ግን ወደ ግራ ታጥፋ የአቶ ኤርጫፎ ሙዝ ውስጥ ገባች። ሁለተኛዋም እዚያው። ሦስተኛዋንም ፍለጋ ገባን።

"ኳሷ ጉልበት አላት" አሉ አቶ ኤርጫፎ ቅጠል እየገለጡ። "መንገዱን ነው ያላወቀችው።"

ደግፌ እንደሚለው ዱላው ስለረዘመብኝ አፍንጫው ከመሬት ይነሳል፣ ስለዚህ ፊቱ ወደ ግራ ያያል። ለረሺድ ቢሆን ቀጥ ይል ነበር። ረሺድ ግን ጎልፍ አይጫወትም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ካሱ ጋራዥ ሄድኩ። የዱላዎቹን ዘንግ ከላይ በኩል ቆረጠልኝ፣ መያዣቸውን መልሶ አጠለቀልኝ። አንገታቸውንም ደግፌ እንዳለው በጥቂቱ አጎነበሰልኝ። አንዱን ሊሰብረው ነበር። "ይሄ የምን ዕቃ ነው?" አለኝ። የጎልፍ ዱላ አልኩት። "ለከብት?" አለ። ለመዝናኛ አልኩት። ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ሠራ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ቀጥ ብላ ሄደች። ቦረቦሩን አልፋ፣ ጉድጓዱን አልፋ፣ ከብቶቹን አልፋ ቆመች። በሰባት ቁጥር! በሕይወቴ ሰባት ቁጥርን እንዲህ መትቼው አላውቅም። አቶ ኤርጫፎ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ደግፌ ኳሷ ያለፈችበትን ሰማይ ያያል። ምቀኝነት ይሆን? አይመስለኝም… ግን ምን ያያል?

ትከሻዬ ድኗል ማለት ነው። አልሐምዱሊላህ። ገና ነኝ ማለት ነው።

ራት ላይ ተናገርኩ። በሰባት፣ ከነትርፉ አልኩ። ኸይሪያ ወጡን አማሰለች። ከውሰር ቀና ብላ፣ "እንኳን ደስ አለህ፣ አባ" አለችኝ። ከልቧ ነው ያለችው፣ አውቃታለሁ። ቆይታ እናቷን ትልቁ ሻንጣ የት እንዳለ ስትጠይቃት ሰማሁ።

ደስ ብሎኛል። ታዲያ ራቴን ለምን አልጨረስኩም?

እሑድ፣ የካቲት 16

ለባንኩ እሺ ብላለች። መጋቢት አንድ ሥራ ትገባለች።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ከውሰር ለጫማና ለልብስ ብላ ዛሬ ቀረች። ብቻዬን ዋልኩ። ከሴቻ የመጣ ኮንትራክተር ከውሰር የነገረችኝ ዋጋ ይሄ አይደለም አለኝ። ሌላው ያዘዘው አርማታ ብረት የት እንዳለ ጠየቀኝ፤ አላወቅኩም። ስልኩ ይጮሃል፣ ሁሉም "ከውሰር የለችም?" ይላል። የለችም እላለሁ። "እሺ፣ ስትመጣ" ይላሉ።

ቀኑን ሙሉ መሳቢያውን ስከፍትና ስዘጋ ነበር። እሱን እችልበታለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ደግፌ የቀያሽነት ዘመኑን ሳጥን ይዞ መጣ። አሮጌውንና አዲሱን ዱላ ሣር ላይ ደርድሮ የፊታቸውን ጋደልታ በፕሮትራክተር ይለካ ጀመር። ነገሩ ቀላል ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ የሆነ ዱላ ፊቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ኳሷ ሩቅ ትሄዳለች። ቁጥሩ ሲጨምር ፊቱ ወደ ኋላ ይጋደማል፣ ኳሷ ሽቅብ ወጥታ ቅርብ ትወርዳለች።

አሮጌው ሰባት ሠላሳ ስድስት ዲግሪ። አሮጌው አምስት ሠላሳ። አዲሱ ሰባት… ሠላሳ።

"ሰባት ተብሎ የተጻፈበት አምስት ነው" አለ ደግፌ። "ዘንጉም ብንቆርጠው እንኳ ከድሮው ሰባት ይረዝማል።"

"ፋብሪካው ሸውዶኛል?"

"አልሸወደህም። ክብደቱን ወደ ታች ስላወረዱት ኳሷ ቶሎ ትነሳለች። ከፍ እንዳትልባቸው ፊቱን አቀኑት። እንደ ሰባት ትነሳለች፣ እንደ አምስት ትሄዳለች። ጥሩ ዱላ ነው። ላንተ ትከሻ እንደውም የተሻለ ነው።"

"ታዲያ አምስት ለምን አላሉትም?"

"ሰው ደስ እንዲለው ይሆናላ።"

ደስ ብሎኝ ነበር አልኩት። አቶ ኤርጫፎ፣ "ሰባት የሚለው ተጽፎበታል፣ ሕጉ ሰባት ነው የሚለው፣ ተሻግረሃል" አሉ። ደግፌ ዕቃውን ሰበሰበ። ስለ ከውሰር ያውቃል። ምንም አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝ ይሻል ነበር።

ሌላም ጣጣ አለ። አዲሶቹ ሁሉም ሩቅ ስለሚሄዱ ጉድጓዱ አጠገብ ስደርስ የምመታበት አጣሁ። ዘጠኙ እንኳ ጉድጓዱን ያሳልፍብኛል። ከሩቅ ጀግና ነኝ፣ ቅርብ ስደርስ እወዛገባለሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ከአሥር ሰዓት በኋላ ብቻዬን ሜዳ ሄድኩ። አሮጌውን ሰባት ይዤ። ማንም አልነበረም፣ ከብቶቹ ብቻ። ነፋስ የለም። ትከሻዬ አያምም። ምንም ምክንያት የለኝም።

ሁሉም ቦረቦር ገቡ። አንዷም ጫፍ አልነካችም።

ወርጄ ኳሶቹን ለቀምኩ። ስወጣ ደክሞኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ያፈርኩት ስላልተሻገርኩ አይደለም። ያፈርኩት ያን ቀን ራት ላይ ስለፎከርኩ ነው። ልጄ እኔ ገና ነኝ ስላልኩ ነው የምትሄደው። ገና አይደለሁም። ደግሞ እንድትሄድ አልፈልግም። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ሁለቱን ሰባቶች ይዤ ሱቅ ገባሁ። ከውሰር ቀለም ትደረድር ነበር።

"ከውሰር።"

"አቤት፣ አባ።"

"ሰባቱ አምስት ነው።"

ጣሳውን አስቀምጣ አየችኝ። የትከሻዬ ሕመም ወደ ጭንቅላቴ የወጣ መሰላት። ዱላዎቹን ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አድርጌ አሳየኋት። የፊቱን ጋደልታ፣ ክብደቱን፣ ፋብሪካው ሰው ደስ እንዲለው ያደረገውን ሁሉ አስረዳኋት። በመሃል ሚስማር ፈላጊ መጣ፤ መዝና ሰጥታው ተመለሰች።

"ስለዚህ አልተሻገርክም?"

"በአዲሱ ተሻግሬያለሁ። በትክክለኛው አልተሻገርኩም። ትላንት ብቻዬን ሞክሬዋለሁ።"

አሮጌውን ሰባት አንስታ አገላበጠችው።

"አባ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሱቁን ኳስ ናት የምትሰጠኝ?" አለችኝ። "ብትሻገር እሄዳለሁ፣ ብትገባ እቀራለሁ? አንተ የት አለህ?"

የት አለሁ? ቁልፉን ይዤ ወንበሩ ላይ።

"አንተ ካልሰጠኸኝ አልፈልገውም" አለች። "ቦረቦር ውስጥ ብትገባም አልፈልገውም።"

ስንት ነጋዴ የተከራከርኩበት አፍ… መጨረሻ ላይ እንዲህ አልኩ፦ "ደክሞኛል። ካንቺ የተሻለ የሚይዘው ሰው የለም። ረቡዕ ዕለት ብቻዬን ስውል ገባኝ። ሱቁን ያዢው። እለምንሻለሁ፣ አትሂጂብኝ።"

አለቀሰች። ከውሰር በልጅነቷም ብዙ አታለቅስም ነበር። እኔም… እኔም። ያ ሚስማር የገዛው ሰውዬ ተመልሶ ገብቶ ሁለታችንንም አይቶ ወጣ። ዘመድ የሞተብን ሳይመስለው አይቀርም።

ዓይኗን ጠርጋ፣ "ቁልፉን ስትሰጠኝ ወንበሩም ነው" አለችኝ።

"ወንበሩም?"

"ወንበሩም።"

ጭካኔዋ ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ለባንኩ ደውላ ይቅርታ ጠየቀች። ኸይሪያም ሰማች። ማታ ትከሻዬን ስታሽ መዳፏ ቀሎኛል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ሕጉ ተቀየረ። ቦረቦሩን ማንም በፈለገው ዱላ ይሻገር፣ የዱላው ዲግሪ ብቻ ጮክ ተብሎ ይነገር። አቶ ኤርጫፎ ተቃወሙ፣ በድምፅ ብልጫ አለፈ። እኔ "ሠላሳ!" ብዬ መታሁ፣ ተሻገረች። ጉድጓዱ አጠገብ ስደርስ አሮጌውን ዘጠኝ አወጣሁ። ከሩቅ አዲሱ፣ ከቅርብ አሮጌው። እንዲህ ተቀላቅሎ ሲሆን ለኔ ተስማማኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ጠዋት ከውሰር መኪና ታስራግፍ ነበር፣ ከኋላ መጋዘኑ ጋ። እኔ ከፊት፣ በርጩማ ላይ። ጋዜጣ ይዤ። ከካምባ የመጣ ሰው ገባ፣ ለትምህርት ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ፈልጎ። ወንበሩ ባዶ ነው፣ እኔ በርጩማ ላይ ነኝ፣ ለማን እንደሚያወራ ግራ ገባው።

"ባለሱቁ እርስዎ ነዎት?" አለኝ።

"አይደለሁም። አሁን ትመጣለች።"

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምንም አልመሰለኝም። ቆይቼ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። አላመመኝም።

ሰውየው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ወይዘሪት ከውሰርን በስልክ ብቻ እንደሚያውቃት፣ ባለፈው ዓመት ዝናብ መንገድ ሲዘጋባቸው ዕቃውን እንዴት እንዳደረሰችላቸው ነገረኝ። አልሰማሁም ነበር። ባለፈው ዓመት እዚሁ፣ ወንበሩ ላይ ነበርኩ።

"እርስዎስ፣ እዚህ ነው የሚሠሩት?" አለኝ።

"አባቷ ነኝ" አልኩት።

ከመቀመጫው ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።