ለእናቶች ተብላ ስለተመረጠችው ትንሽ ሽጉጥ

ሲያትል፣ ኅዳር 2006 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ መልከጸዴቅ
የሬኒየር ቫሊ ሐበሻ ነጋዴዎች ኅብረት የጸጥታ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ሰዓት እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ፤ ለቀኝ እጅዎ አንጓ ደግሞ ለብቻው፣ ከሌላው አካልዎ ሁሉ አስበልጬ፣ ምሕረትን እለምናለሁ።

ደብዳቤው ለአባላቱ ሁሉ ስለሚበተንና የማያውቁኝ አንባቢዎች ስለሚኖሩ ራሴን ላስተዋውቅ። ከማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያ ዝቅ ብሎ ካለው ሕንፃ ውስጥ ልብስ ስፌት ያለኝ የውብዳር ነኝ። የዚህን ሰፈር ሱሪ ሳሳጥር፣ ዚፕ ስቀይርና የሙሽራ ቀሚስ ሳጠብ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። እንጀራዬ በሁለት ጣቶቼ ጫፍ ላይ የቆመ ነው። ተጠራጣሪ ናት ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ደንበኛ "ወገቤ አልጨመረም" ቢለኝ ሜትሬን ሳልዘረጋ አላምነውም። እርስዎን ግን ያለ ሜትር አመንኩ፤ ስሕተቱ የኔ መሆኑን አስቀድሜ በትሕትና እገልጻለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ባለፈው ሚያዝያ በአንድ ሳምንት ሁለት ሱቆች ሲዘረፉብን በአዳራሹ ሰብስበውን፣ ከኮትዎ ኪስ አንዲት ጥቁር ሽጉጥ አውጥተው፣ ባዶ መሆኗን አሳይተው፣ "እናቶቼ፣ ይቺ ለእናንተ የተሠራች ናት፤ ቦርሳ ውስጥ አትታወቅም፣ ስትተኩሱባትም አትራገጥም" ብለውን ነበር። ርግጫ ማለት ጥይቱ ወደ ፊት ሲወጣ ሽጉጡ ወደ ኋላ የተኳሹን እጅ የሚመታው ምት መሆኑን የተማርነው በዚያ ቀን ነው። ሽጉጧን ከእጅ ወደ እጅ አዙረን መዘንናት። እንደ ጨርቅ ቁራጭ ቀላል ናት። ባዶ ሽጉጥ እንደማይራገጥ ደግሞ ልብ ያለ አልነበረም፤ ስድስት ሴቶች ልንገዛት እየሳቅን ተመዘገብን። "መጀመሪያ ተኩሳችሁ ሞክሩ" አለማለትዎን ያን ጊዜ እንደ አክብሮት ነበር የቆጠርኩት።

ፈቃዱን በሕጉ አውጥቼ፣ ኦበርን ከተማ ድረስ ሄጄ፣ ከጠቆሙን ሱቅ እሷኑ ገዛሁ። ያገለገለች ብትሆንም አዲስ ትመስል ነበር። ሻጩ "ብዙም አልተተኮሰባትም" አለኝ። እንግዲህ እኔ እንደ አዲስ ሆኖ የሚመለስ ልብስ ሁልጊዜ የሚቆረቁር ነገር እንዳለው የማውቅ ሴት ነኝ፤ ያን ቀን ግን ዕውቀቴን እቤት ትቼው ነው የሄድኩት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጄ ሃሴት ወደ ተኩስ መለማመጃው ወሰደችኝ። እጀታዋ ከማጠሯ የተነሣ ትንሿ ጣቴ የምትይዘው አጥታ አየር ላይ ቀረች። ተኮስኩ። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያለውን ሥጋ አንድ ሰው በእንጨት የመታኝ መሰለኝ። ሁለተኛውን ጥይት ዓይኖቼን ጨፍኜ ተኮስኩ። ሦስተኛው ጥይት ከጎኔ የሚለማመደው ሰው የሰቀለውን ኢላማ በሳው። ሃሴት "ማም፣ አር ዩ ኦኬ?" ስትለኝ "ኦኬ ነኝ" አልኳት፤ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የሙሽራ ልብስ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ።

ወዲያው ኮል አድርጌልዎ እንደነበር ያስታውሳሉ። "ጠንክረሽ አልያዝሻት ይሆናል፤ የሴት እጅ እስኪለምድ ነው" አሉኝ። ወፍራም ጨርቅ ሲቆርጥ የኖረ ከባድ የብረት መቀስ በእጄ ይዤ ነበር የማናግርዎ፤ ስለ ሴት እጅ ስላስተማሩኝ አሁንም ባለ ዕዳ ነኝ።

ሁለተኛው ጉዳይ የወይዘሮ እጅጋየሁ ነው፤ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ትንሽ ቢቀዘቅዝ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እጅጋየሁ በሬኒየር ጎዳና የቅመማ ቅመምና የጤፍ ሱቅ ያላት፣ ከኛው ጋር የተመዘገበች ጓደኛዬ ናት። ነሐሴ ላይ በጠራራ ፀሐይ አንድ ሰው ገብቶ ቢላ አወጣባት። እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች። ያችን ሽጉጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተኩሳባት፣ አሟት፣ ሁለተኛ እንዳልነካቻት ለማንም አልነገረችም ነበር። ጣቷ እጀታዋን ሲነካ ክንዷ ድርቅ አለ፤ ዓይኗም ሳታዘው ተጨፈነ። ስትገልጠው ሰውየው የገንዘብ መሳቢያውን ይዞ ሄዷል።

ስደርስ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። "የውቤ፣ ሌባውን አልፈራሁትም እኮ። ሽጉጧን ነው የፈራሁት" አለችኝ። ከዚያ ወደ ማቀዝቀዣው በኩል አሳየችኝ። ሰውየው በቆመበት ልክ፣ ከጀርባው፣ አንዲት ወጣት እናት ሕፃኗን በጋሪ ይዛ ቆማ ነበር። እጅጋየሁ ዓይኗን እንደ ጨፈነች ተኩሳ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ለርስዎ ሳይሆን ለፖሊስ ነበር የምጽፈው። እርስዎ ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥተው "መሣሪያ ሰጠናት፤ ወኔ ግን ከሱቅ አይገዛም" አሉ። ሰው ሳቀ። እጅጋየሁ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ወጣች። የኔ ጥርጣሬ የነቃው ያን ቀን ነው፤ ስላነቁልኝ አመሰግናለሁ።

በማግስቱ ወደ መለማመጃው ተመለስኩና አስተማሪዋን፣ ጡረታ የወጣች ቀጭን ፈረንጅ፣ ችግሬን ነገርኳት። ሳታሳየኝ ጥይቶቹ መካከል አንድ የውሸት ጥይት ቀላቅላ አጎረሰችልኝና "ተኩሺ" አለችኝ። አንዱ ጮኸ። ቀጥሎ ምላጩን ስስብ ምንም አልወጣም፤ አፈሙዙ ግን ቁልቁል ተደፋ። ጥይት ሳይኖር፣ ምት ሳይኖር፣ እጄ ብቻውን ደንግጦ ነበር። "አየሽ፣ ፈሪ አይደለሽም" አለችኝ። "እጅሽ እንደሚመታ አውቆ ቀድሞ ይሸሻል። እንዲህ የሚያሸሽሽን መሣሪያ አትልመጂው፤ ቀይሪው።"

ከዚያም ያንኑ ዓይነት ጥይት የሚጎርስ፣ ግን ከበድ፣ ረዘም ያለ ሽጉጥ ሰጠችኝ። አምስቱም ጣቶቼ ቦታ አገኙ። ስተኩስ ክብደቱ ምቱን ዋጠው፤ ትንሿ በጥፊ ስትመታኝ የነበረችውን ይሄኛው ገፋ ብቻ አደረገኝ። ዐሥር ተኮስኩ፤ ዐሥራ አንደኛውንም ፈለግሁ። እሷ እንዳለችኝ ከሆነ ዋናው ሚዛን ይኸው ነው፦ መሣሪያው መዳፍ ላይ ምን ያህል እንደሚቀል ሳይሆን፣ ከመጀመሪያው ጥይት በኋላ ዓይንሽ ተከፍቶ ወደ ኢላማው መመለሱና እጅሽ ሁለተኛውን አለመፍራቱ። ይህንን ለማወቅ የወሰደብኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ኮሚቴዎ ስንት ወር እንደፈጀበት አላውቅም።

ሦስተኛ፣ ስለ ኮትዎ። ሰኔ ላይ ገበሩን እንዳድስልዎ ግራጫ ኮትዎን አምጥተው ነበር። በቀኝ ዳሌዎ በኩል ያለው ገበር ከአንድ ስንዝር በላይ ተፍቆ ሳስቷል፤ እንዲህ ለማለቅ ዓመት ይፈጃል። ምን እንደሆነ ስጠይቅዎ "ስልኬ ነው" አሉኝ። ስንዝር ሙሉ ስልክ! ገበሩን ቀይሬ ሰፋሁልዎ። የመለማመጃውን ትልቁን ሽጉጥ በእጄ ከያዝኩ በኋላ ግን ያ ቦታ በዓይኔ ላይ መጣ። ለእናቶች ትንሿን የሚያወድሱት ሰብሳቢያችን ራሳቸው ትልቁን ታጥቀው ይሆን? ሜትሬን ያወጣሁት ያኔ ነው።

ጥቅምት ላይ አባላቱን ሁሉ ወደ መለማመጃው ስንጋብዝ እርስዎም ያንኑ ኮት ለብሰው መጡልን። እኔም እጅግ በአክብሮት፣ በስድስቱ ሴቶች ፊት፣ ትንሿን ተኩሰው አያያዙን እንዲያሳዩን ለመንኩዎት። ያቀረብንልዎ የእጅጋየሁን ነበር። የመጀመሪያው ጥይት የወረቀቱን ጠርዝ ነካ። ሁለተኛው ከወረቀቱ በታች ሄደ። ሦስተኛው ላይ ምላጩ ቀጭ አለ፤ ምንም አልተተኮሰም፤ አፈሙዙ ግን ወለሉን ሊስም ተደፋ።

እርስዎ ወዲያው "ጥይቱ ተበላሽቷል" አሉ። አስተማሪዋ የውሸት ጥይቱን አውጥታ መዳፍዎ ላይ አስቀመጠችልዎ። እኔ ልስቅ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልደብቅዎትም፣ ለዚያች ደቂቃ ሁለት ወር ጠብቄአለሁ። ቀድማኝ የተራመደችው እጅጋየሁ ናት። ሽጉጧን ከእጅዎ በቀስታ ተቀብላ "አይዞዎት ጋሼ፤ እኔንም እንዲሁ አድርጋኛለች" አለችዎ። እኔም ልስቅ የተዘጋጀሁትን ተውኩት።

ፓርኪንጉ ውስጥ ተከትለውኝ መጥተው የነገሩኝን በምስጢር አልነገሩኝም፤ እኔም በምስጢር አልተቀበልኩም። "የውብዳር፣ ከስብሰባው በፊት አምስት ተኩሼባታለሁ፤ ስድስተኛውን አልቻልኩም። በስብሰባው ማግስት ኦበርን ወስጄ ለዚያው ሱቅ ሸጥኳት። ሰብሳቢ ሆኜ 'አልቻልኳትም' እንዴት ልበል? ለሴት ትስማማ ይሆናል አልኩ" አሉኝ። እኔ ብዙም ያልተተኮሰባትን የገዛሁት በሳምንቱ ነው። ያቺው ናት አልልም። አይደለችምም አልልም። ጥርጣሬዬን በነጻ አበርክቼልዎታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ አለቀ። እኔ ትንሿን መልሼ ከባዱን ያዝኩ። ሦስቱ ሴቶች በየቅዳሜው እየሞከሩ ናቸው፤ አንዷ ተወችው። እጅጋየሁ መሣሪያ ጭራሽ እንደማትፈልግ ወስና በር ላይ ደወልና ካሜራ አስገጠመች፤ ይህን ለመወሰን ከኛ ሁሉ የበለጠ ወኔ ነበር የጠየቃት። ከርስዎ የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በመጪው ስብሰባ፣ ሰው በሳቀበት በዚያው መድረክ ላይ ቆመው፣ "እጅጋየሁን የበደልኳት እኔ ነኝ፤ ያቺን ሽጉጥ እኔም አልቻልኳትም" ይበሉ። ረጅም ንግግር እንደሚወዱ እናውቃለን፤ ለዚህች ግን ግማሽ ደቂቃ ትበቃለች።

ለደኅንነታችን ሲሉ ያልተኮሱትን ሁሉ እያሰብኩ፣ ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለቃልዎ ጥቂት ክብደትን፣ ለኮትዎ ገበር ረጅም ዕድሜን እየተመኘሁ፣ ከወገብዎ ልክ እስከ ትከሻዎ ስፋት በሚገባ የማውቅዎ አክባሪዎ፣

የውብዳር
ልብስ ሰፊ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ጥሩብርሃን በዚያ መለማመጃ ከኛ ሁለት ዓመት ቀድማ ስትመላለስ ኖራለች። የምትይዘውን ከመምረጧ በፊት ዘጠኝ ዓይነት ተኩሳ ሞክራለች፤ አስተማሪዋም "ከተማሪዎቼ ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት" ትላለች። ይህን እንድጽፍ ራሷ ፈቅዳልኛለች። ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቀች ለርስዎ ለምን እንዳልነገረች ብጠይቃት፣ ክር እየመረጠችልኝ ሳለ ቀና እንኳ ሳትል፣ "ጠይቆኝ አያውቅማ" አለችኝ።