ቤራት ላይ ያወለቅኩት ጫማ

እሑድ፣ መስከረም 18፣ ቢከን ሂል

ከአልባኒያ ከተመለስን ሁለት ቀናችን ነው። ድካሙ ገና አልወጣልኝም። አብራኝ የሄደችው ጓደኛዬ ሄለን ደግሞ ስልኬን አታነሳም። የምረቃ ጉዟችን እንዲህ ያልቃል ብዬ አላሰብኩም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። በጉዟችን የመጨረሻ ቀን፣ ጠዋት ቤራት የምትባለውን ከተማ፣ ከሰዓት ደግሞ ጂሮካስተር የምትባለውን ልናይ ነበር። ቤራት ምሽጉ ውስጥ ካለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ፣ እንደ ለመድኩት ጫማዬን ደጃፉ ላይ አውልቄ ገባሁ።

"እዚህ እኮ ማንም አያወልቅም!" አለችኝ ሄለን።

ስወጣ እየዘነበ ነው፤ ጫማዬም የለም። ግማሽ ሰዓት በካልሲ ፈለግኩ። ለካ ጎረቤት ያሉ እናት ዝናብ እንዳይመታው ቤታቸው አስገብተው፣ ጭቃውን ጠርገው ምድጃ አጠገብ አኑረውልኛል። የበለስ ማርማላታ ሳንቀምስ አለቅም አሉ፤ አንድ ጠርሙስም አስያዙን። በዚህ መሃል ወደ ጂሮካስተር የሚወስደን ሚኒባስ ጥሎን ሄደ።

"አራት ዓመት አርክቴክቸር ስማር በፎቶ ያየሁትን ከተማ በአንቺ ጫማ አጣሁት!" አለች ሄለን።

ዛሬ ሦስቴ ኮል አደረግኩላት። ይቅርታ ጽፌ መልሼ አጠፋሁት። ልተኛ ስል ከእሷ ቴክስት ገባ፦

"ማርማላታውን ብቻሽን እንዳትጨርሺው።"

"ገና አልከፈትኩትም" ብዬ መለስኩላት።