ለማርታ ምን ልንገራት

ሰኞ

ዛሬም ዘጋችኝ። ከሲቀላ ሰፈር ወጥተን የአየር ማረፊያው መታጠፊያ እስክንደርስ ማርታ ትንፍሽ አላለችም። እኔ ግን እንደ ተበላሸ ራዲዮ ስለፈልፍ ነበር። "ኪሎ ሜትሩ በአምስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። አምስት ከአሥራ ስምንት። የልብ ምት ከፍ ብሏል፣ ቀንሺ። አሁን ደግሞ ወረደ፣ ጨምሪ።" ስንጨርስ ገመዱን ከጣቷ አወለቀች፣ "አመሰግናለሁ" አለችኝ፣ ነጭ በትሯን ዘርግታ ሄደች። አመሰግናለሁ! ሦስት ዓመት አብረን ስንሮጥ አንድም ቀን አመሰግናለሁ ተባብለን አናውቅም።

ይሄ ሁሉ የመጣው ከሰዓቱ ጋር ነው። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የሩጫ ሰዓት ይዞልኝ መጣ፤ ፍጥነት ይናገራል፣ ርቀት ይናገራል፣ ልብ ይቆጥራል። ሁለት ሳምንቱ ነው። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እጄ ላይ አስሬ የምሠራበት ፋርማሲ ውስጥ ሳይቀር ሳየው እውል ነበር።

ከዚያ በፊት እንዴት ነበርን? ማርታ ከልጅነቷ ጀምሮ አታይም፤ ስንሮጥ መሪዋ እኔ ነኝ። አባቷ የጨንቻ ከተማ ሸማኔ ናቸው፣ ለእኛ ብለው አጭር ገመድ በጥለት ሠርተውልናል። አንዱ ጫፍ በእሷ ጣት፣ ሌላው በእኔ። "ጉድጓድ፣ በግራ" ማለት ሥራዬ ነው። የቀረው ጨዋታ ነበር። "ባጃጁ ውስጥ ፍየል ተሳፍራለች፣ ብቻዋን።" "ሙዝ ሻጯ ዛሬ አዲስ ሻሽ አስራለች።" "ዝንጀሮው መሀል አስፋልት ቁጭ ብሏል፤ ሚኒባሱ በጥሩንባ ይለምነዋል።" ማርታ ስትስቅ እግሯ ይቀላል፤ በገመዱ ይታወቀኛል።

ቅዳሜ የዞኑ የሯጮች መምረጫ ውድድር ነው። ዐሥር ኪሎ ሜትር ከአምሳ ደቂቃ በታች ከገባች ወላይታ ሶዶ ለክልሉ ውድድር ትሄዳለች። አምና ለትንሽ ነው የቀረችው። ዘንድሮ ካላለፈች ሩጫ በቃኝ ብላኛለች። "የዜግነት ትምህርት እያስተማርኩ አረጃለሁ" አለችኝ እየሳቀች። ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

እሷ ካቆመች እኔስ? ብቻዬን ለማን እያወራሁ ነው የምሮጠው?

ማክሰኞ

ከድጡ ወደ ማጡ።

ሌሊቱን ሳስብበት ቆይቼ ጠዋት ቁጥር የሚባል ነገር ላልናገር ወሰንኩ። ሰዓቱን በእጅጌ ሸፈንኩትና ወደ ድሮዬ ተመለስኩ። ዓባያ ሐይቅ ዛሬ እንደ ሻይ በወተት ሆኗል አልኳት። አንድ ሰውዬ ፍራሽ በብስክሌት ጭኖ ፍራሹ እየነዳው ነው አልኳት። ሳቀች! በልቤ እልል አልኩ። ከዚያ፣

"ስንት ነው?" አለችኝ።

"ዛሬ እንተወው።"

"አላሰርሽውም?"

"አስሬዋለሁ።"

"እያየሽው ነው?"

አዎ አልኩ። መሀል መንገድ ቀጥ አለች። ከኋላችን ይመጣ የነበረው ባጃጅ ሊገለበጥ ትንሽ ቀረው።

"እና እኔ እንዳላውቀው ወሰንሽልኝ" አለችኝ። ስሜን ጠርታ ቀጠለች፤ "ሰላም፣ ሰው ሁሉ የሚበጀኝን ሲመርጥልኝ ነው የኖርኩት። ይህን አትስሚ፣ እዚያ አትሂጂ፣ ይህ ይከብድሻል። አንቺም ተጨመርሽ?"

እኔ እኮ ደስ እንዲላት ብዬ ነው። ቁጥር ስነግራት ትዘጋኛለች፣ ስተውላት ትቆጣለች። ሰዓቱን ቤት ልተወው? ያኔ ደግሞ ቅዳሜን ገደል እንደ መክተት ነው። ጋሽ ዘለቀ፣ አሰልጣኛችን፣ ፍጥነታችሁን ሳታውቁ ውድድር እንዳትገቡ ብለውናል።

አልገባኝም። እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ ሰዓቱን ሳላይ መሮጥ አቅቶኛል። ደክሞኝ እንደሆነ እንኳ እሱን ነው የምጠይቀው። ድሮ እግሬ ይነግረኝ ነበር።

ረቡዕ

ዋሸሁ።

ሌሊት ዘንቦ ነበርና ጠዋት አየሩ ወበቅ ነበር፤ መንገዱ ዳር ዳሩ ጭቃ። እግራችን አልታዘዝ አለ። ለጥ ባለው ሜዳ ላይ፣ ከማንጎ ዛፎቹ አጠገብ፣ "ስንት ነው?" አለችኝ። አጠያየቋ አንጀቴን በላው። እንደ ተማሪ ነው የጠየቀችው፣ ማለፍ አለማለፏን።

ሰዓቱ አምስት ከሃያ አምስት ይላል።

"አምስት ድፍን" አልኳት።

ገመዱ ወዲያው ቀለለ። ትከሻዋ ወረደ፣ እርምጃዋ ረዘመ። ጉዱ ደግሞ ከዚህ በኋላ ነው፤ የሚቀጥለው ኪሎ ሜትር እውነትም ፈጠነ! አምስት ከዐሥር። ውሸቴ ወደ እውነትነት ሊጠጋ ነው መሰለኝ እያልኩ ልሳቅ ላልቅስ አላውቅም። ካፈርኩ አይመልሰኝ፣ ከእሱም ጥቂት ሰከንድ ቆንጥሬ ነገርኳት።

ሙዝ ሻጯ ጋ ስንደርስ እንደ ልማዷ "በርታ! በርታ!" አለችን። ሁለት ሴቶች ነን፣ ሁልጊዜ በርታ ነው የምትለን። አማርኛ የተማረችው ገበያ ላይ ነው፣ የቤቷ ቋንቋ ጋሞኛ ነው። ማርታ ቆም ብላ ሙዝ ገዛችና ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ። "ዛሬ እንደ ድሮው ነበር" አለችኝ።

ሙዙን ሳልቀምሰው ኪሴ ከተትኩት።

ግን ምኑ አዲስ ነው? ፋርማሲ ውስጥ ሥራዬ ይኸው አይደል? ሰው ደም ግፊቱን ሊለካ ይመጣል፣ ስንት ሆነ ይለኛል፣ "ትንሽ ከፍ ብሏል" እላለሁ። ለሁሉም ትንሽ ነው። ፊታቸው ሲጨማደድ ማየት አልወድም።

ሐሙስ

ተያዝኩ።

ጠዋት ሐጂ ኑሪ መጡ፤ ከእኛ ፊት ለፊት ጨርቅ በጅምላ የሚሸጡት። ሐሙስ ሐሙስ ግፊታቸውን እለካላቸዋለሁ። ዛሬ ገና ክንዳቸውን ሳላስር፣ "ልጄ፣ ዛሬ ቁጥሩን ንገሪኝ። ፊትሽን አታሳምሪልኝ" አሉኝ። "ባለፈው ትንሽ አልሽኝ። እኔም ትንሽ ከሆነማ ብዬ ክትፎ በላሁበት።" ሳቅሁ። ቁጥሩን ነገርኳቸው። "አሁን ከሰው ቆጠርሽኝ" ብለው ወጡ። ያኔ ትምህርት መውሰድ ነበረብኝ።

ከሥራ በኋላ ስታዲየም ሄድን። ጋሽ ዘለቀ መነጽራቸውን አድርገው ስልኬን ተቀበሉ፤ የሰዓቱ መረጃ ሁሉ እዚያ ይገባል። ማርታ አጠገባቸው ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

"ይሄ የልብ ምት ግን ግራ አጋባኝ" አሉ። "ሰዓቱን የምታስረው ማን ናት?"

"እኔ" አልኩ።

"ታዲያ ይሄ የማን ልብ ነው?"

አቤት! ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀንሺ፣ ጨምሪ ስላት የነበረው በእኔ ልብ ኖሯል። ማርታ እስክታነባ ሳቀች። "በሰው ልብ ነዋ የሮጥኩት!" ጋሽ ዘለቀም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ከሁለቱም በላይ። እፎይ ያልኩ መስሎኝ።

ከዚያ ጋሽ ዘለቀ ጣታቸውን ስልኩ ላይ አሳረፉ። ክፋት የላቸውም፤ ሰውየው ክፋት አያውቁም። "ትናንት እዚህ ጋ ደግሞ ልብሽ ዘሏል፣ ልጄ። ከማንጎዎቹ አጠገብ። አቀበት የለ፣ ፍጥነት የለ። ምን አስደነገጠሽ?"

ማርታ ሳቋን አቆመች።

"ጋሼ፣ እዚያ ጋ ፍጥነታችን ስንት ይላል?"

"አምስት ከሃያ አምስት።"

ገመዱ ሁልጊዜ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚያድረው። እጇን ዘረጋች፣ ሰጠኋት፣ መዳፏ ላይ ቀስ ብላ ጠቀለለችው። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

"ጉድጓድ የለም ስትዪኝም እንደዚህ ነው?"

ማርታ! በጭራሽ! በጭራሽ እኮ ነው! ብዬ መጮኽ ነበረብኝ። ገመዱን ይዛው ሄደች።

ዓርብ

ዛሬ የዕረፍት ቀን ነው፤ ከውድድር በፊት ባለው ቀን አንሮጥም። ደወልኩ፣ አታነሳም። እንደገና ደወልኩ። አታነሳም። አንዲት ሴትዮ የሳል ሽሮፕ ስጪኝ ብትለኝ የሆድ ሰጠኋት፤ ደግነቱ ከበር መለስኳት።

ከሰዓት በኋላ አስፈቅጄ በባጃጅ ወደ ሴቻ ሰፈር ወጣሁ። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆምኩ። ተማሪዎቹ ወጡ፣ ከኋላ እሷ። በትሯ ጫማዬን ነካው።

"ሰላም ነሽ" አለች። ሰላምታ ይሁን ስሜን ትጥራ አላወቅሁም። ምናልባት ሽታዬን ነው የለየችው፤ መድኃኒት መድኃኒት እሸታለሁ ይሉኛል።

ግንብ አጥሩ ሥር ተቀመጥን። ይቅርታ አልኳት። ስለ ጉድጓድ አንድም ቀን ዋሽቼሽ አላውቅም፣ ብሞት አልዋሽም አልኳት። አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

"ያናደደኝ መዋሸትሽ ብቻ አይደለም" አለችኝ። "ውሸትሽ ሠራ። ደስ አለኝ። እግሬ ቀለለኝ፣ ሙዝ ሁሉ ገዛሁ። ሌሊቱን ሙሉ ስጠይቅ ያደርኩት ያ ደስታ የእኔ ነበር ወይስ የማን ነው እያልኩ ነው።"

ያቺ ጥያቄ ለእኔም ሆነች።

"ቁጥሩን እጠላዋለሁ" አለች። "ባላውቀው ደግሞ አልወድም። አንቺ ፎቶሽን አልወደውም እያልሽ ደጋግመሽ ታዪው የለ? እንደዚያ ነው።"

"ታዲያ ነገ ምን ልንገርሽ?"

"መንገዱን ሳልጠይቅሽ ንገሪኝ። ቁጥሩን ስጠይቅሽ ብቻ። ያለውን።" ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች። "ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላውቅም ብለሽኝ አታውቂም። ሁልጊዜ መልስ አለሽ። ይደክማል።"

ነገ ትመጪያለሽ ወይ ማለት ፈርቼ ነው የተለየኋት። ሌላ መሪ ፈልጋ ይሆን? ለጋሽ ዘለቀ ልደውል አሰብኩና ተውኩት።

ቅዳሜ

መጣች። ገመዱን ጣቷ ላይ አጥልቃ መጣች፣ ሌላውን ጫፍ ዘረጋችልኝ። ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም።

ሲጀመር ሰው ብዙ ነበር፤ ክርን፣ ትከሻ፣ ፉጨት። ሥራዬን ብቻ ሠራሁ። ቀኝ፣ ቀጥታ፣ ጉብታ፣ ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ። ሰው ሲሳሳ መንገዱን ጀመርኩላት። ቆርቆሮ የጫነ አይሱዙ ቆሞ ሹፌሩ ጣሪያው ላይ ወጥቶ እያጨበጨበልን ነው። አንድ ቄንጠኛ ልጅ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ከፀሐይ በእጁ ይከለላል። አልሳቀችም፤ ግን ትሰማለች፣ ገመዱ ይነግረኛል።

ግማሹን አልፈን፣ "ስንት ነው?" አለችኝ።

አየሁት። ዓይኔን ብጨፍን በወደድኩ።

"አምስት ከስምንት። ዘግይተናል።"

ገመዱ ተወጠረ። እግሯ ከበደ፣ አንገቷ ደነደነ። ይኸው፣ ገደልኳት አልኩ። እውነቱ ይሄን ነው የሚያደርገው። ያቺን "አምስት ድፍን" ምላሴ ላይ አዘጋጅቼ ነበር እኮ፣ እንደ ከረሜላ። የሆነ ያህል መንገድ በዝምታ ሄድን፤ የእሷን ትንፋሽ ብቻ እሰማለሁ።

"መንገዱስ?" አለች ድንገት።

"ሙዝ ሻጯ አለች" አልኩ። "ዘንቢሏን ትታ አስፋልቱ ላይ ወጥታለች። ፖሊሱ ውጪ ይላታል፤ ሙዝ አፉ ውስጥ ከተተችለት። እውነቴን ነው፣ ማርታ፣ ሙዙ እንኳ አልተላጠም!"

"በርታ! በርታ!" የሚለው ድምፅ መጣ። ማርታ ከሆዷ ሳቀች፣ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ። ከዚያ ገመዱ ጎተተኝ። እኔን! መሪዋን! እስከ መጨረሻው ድረስ እኔ ነበርኩ የምከተላት፤ ሰዓቱን ማየት ትዝ አላለኝም፣ ጉድጓድ ብቻ ነበር የምለቅመው።

ገባን። ተቃቀፍን። ከዚያ ግርግሩ ተጀመረ። የአንደኛው ዳኛ ሰዓት ከአምሳ በታች ይላል፣ የሁለተኛው ከአምሳ በላይ፤ ልዩነቱ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ጋሽ ዘለቀ ወደ እኔ ሮጡ፣ "የአንቺስ?" አሉኝ። የእኔ ገና እየቆጠረ ነበር። ማቆሚያውን አልተጫንኩም። ጭንቅላታቸውን ያዙ።

ዳኞቹ ተመካክረው ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ውጤቱን እናሳውቃለን አሉ። ማርታን አባቷ ይዘዋት ሄዱ፤ ከጨንቻ ወርደው ሲመለከቱ ነበር።

ማታ ደወለች።

"ሰላም፣ እውነቱን ንገሪኝ። አንቺ አጠገቤ ነበርሽ። አልፈናል?"

ሁለት መልስ ምላሴ ላይ መጣ። አልፈናል ማለት ይቻላል፤ እሑድን በደስታ ትውላለች። አላለፍንም ማለትም ይቻላል፤ ሰኞ እንዳትደነግጥ።

"አላውቅም" አልኳት።

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ማርታ፣ ማርታ አልኩ።

"አለሁ" አለች። እየሳቀች ነው። "ትችያለሽ ለካ። በይ ደህና እደሪ። ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ የተለመደው ቦታ። ገመዱን እኔ ይዤ እመጣለሁ።"

እሺ ብዬ ዘጋሁ። ካላለፍኩ አቆማለሁ ያለችውን ልጠይቃት እንኳ አላሰብኩም። አሁን ይሄን ስጽፍ ነው የገባኝ። ውጤቱ የሚነገረው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እሷ የቀጠረችኝ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።