በአንተ ድምፅ የተያዘው ጉዞ

ታድዬ፣ ዓለሜ፤

ደብዳቤ ሲጀመር "ለጤናህ እንደምን አለህ" ይባላል። ለአንተ ምን ብዬ እንደምጀምር የሚነግረኝ ሰው አጣሁና ዝም ብዬ ልጀምር። ከተለያየን ሰባተኛ ወራችን ነው። አርባህ ወጣ፣ ሰማንያህ ወጣ፣ መንፈቅህም በመስከረም ወጣ። የቀረው ሙት ዓመትህ ነው። ጥቁሬን አላወለቅሁም። ጥቁር ያከሳሻል እያልክ ትቀልድብኝ ነበር፤ ወይ ጥቁሩ ነው ወይ እኔው ነኝ፣ ቀሚሱ ሁሉ ሰፍቶኛል። የሚያጠብልኝ ደግሞ አንተ ነበርክ።

ቤቱ እንደነበረ ነው ብዬ አልዋሽህም። የስፌት መኪናህን ከመስኮቱ ሥር አንስተን ግድግዳ አስጠጋነው፤ ናታን ሶፋውን በቦታው አድርጎ እዚያ ይተኛል። አዎ፣ ልጅህ ለቅሶው እንዳለቀ የራሱን አፓርትመንት ለቆ መጣ። "ማም፣ አሎን አትሆኚም" አለኝ፤ አበቃ። ሥራው እዚያው ክሪስታል ሲቲ ሆቴሉ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲያነሳ ይውላል። እህትህ እትዬ ዘውዲቱ እሑድ እሑድ ከአናንዴል ይመጣሉ። መጥተው ያለቅሳሉ፣ ምሳ ይበላሉ፣ ቤቱን እንዴት እንደያዝኩት ይቆጣጠራሉ፤ ያው እንደምታውቃቸው ናቸው።

የምጽፍልህ ግን ይህን ለማውራት አይደለም። ጉዳዬ የጓቲማላው ጉዞ ነው።

ኢርማን ያወቅናት በአንተ እጅ ነው። አሌክሳንድሪያ ወደምትሠራበት ላውንደሪ ቤት የእናቷን ሸሚዝ በፌስታል ይዛ የመጣችው አጭር ሴት። አገሯ ጓቲማላ የማያ ሕዝብ ሴቶች በእጃቸው የሚሸምኑት፣ ደረቱ በሙሉ ጥለት የሆነ ሸሚዝ ነበር፤ ትከሻው ላይ ተተርትሯል። የዚያን ቀን ስትመጣ ጫማህን ሳታወልቅ ስለሱ ታወራ ጀመር። "ጽጌ፣ ፊቱና ጀርባው አይለይም እኮ! ቋጠሮውን የት እንደደበቁት አላገኘሁትም" አልከኝ። እኔ ራቱን አቀርባለሁ፣ አንተ ስለ ክር ታወራለህ። ቀናሁ ብልህ ትስቅ ይሆናል።

ሸሚዙን ስትወስድ ሥራዋን ነገረችህ። ሲልቨር ስፕሪንግ ትንሽ ቢሮ አላት፤ አገሯን ማየት ለሚፈልግ ሰው ጉዞ ታዘጋጃለች። ግን ዝግጁ ፓኬጅ አትሸጥም። ምን ትወዳለህ፣ ምን ትፈራለህ፣ ጧት ስንት ሰዓት ትነሳለህ ብላ ጠይቃ፣ ለአንድ ቤተሰብ ለብቻው ነው የምትሠራው። አንተ ይህን ስትሰማ አበድክ። "ይቺ ሴት ልክ ወስዳ ነው የምትሰፋው" አልክ። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራችን ለሥራ ወይም ለለቅሶ ካልሆነ አውሮፕላን ተሳፍረን አናውቅም ነበር፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስታችንም ጓቲማላ የምንሄድ ሰዎች ሆንን። መጀመሪያ አንቲጓ የምትባለው አሮጌ ከተማ፣ ከዚያ ሐይቁ ዳር ሸማኔዎቹ መንደር፣ በመጨረሻ ጫካ ውስጥ ያለው ቲካል፣ የጥንቶቹ ማያዎች ከተማ። ቀኑን አንተው መረጥክ፤ በኖቬምበር መግቢያ፣ የሙታናቸው መታሰቢያ ዕለት። የዚያን ዕለት ሰው ሁሉ ምግቡን ይዞ መቃብር ዳር ይውላል፣ ቤት የሚያህል፣ በክር የሚበር የወረቀት ካይት ወደ ሰማይ ይሰቅላል ብላ ኢርማ ነግራህ ነበር። "እኛ ተዝካር እናወጣለን፣ እነሱ ካይት ያወጣሉ" ብለህ ሳቅክ። ይህን ባልክ በስንተኛው ቀን እንደሆነ እንጃ፣ ጧት ካልሲህን ስታጠልቅ ልብህ ከዳህ።

ጉዞው ከሐሳቤ ጠፋ። ለኢርማ ሞቷል ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም፤ ማን ያስታውሳታል?

ሰማንያህ ከወጣ በኋላ፣ በሰኔ፣ የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ የምቀበልበት ፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ። ኢርማ ነች። ሚስተር ታደሰ ዛሬ ጧት ደውሎልኝ ነበር አለችኝ። ሐይቁ ዳር ያለው ክፍል ፀሐይ መውጫ በኩል ይሁን፣ ጽጌ ብርድ አትችልም ብሏል፤ ይህን ላረጋግጥ ብዬ ነው አለች። ፊቴ ሦስት መኪና ተሰልፎ ጥሩምባ ይነፋል። እኔ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? "ኦኬ" አልኳት። ሞቷል የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ አልወጣም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለአንዱ ባለመኪና መልስ ሁለቴ ሰጠሁት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኔ ጉድ መስከረምንም አልጠበቀም።

ተሳስታ ይሆናል ብዬ ተውኩት። በነሐሴ፣ ፍልሰታን ይዘን ሳለ፣ ደገመች። ሚስተር ታደሰ ረቡዕና ዓርብ ሥጋም እንቁላልም እንዳይቀርብ ብሏል፣ ለሆቴሎቹ ነግሬያለሁ አለችኝ። የልጃችንን ነገር ታውቀዋለህ፣ ለናታን ዓርብ ከቅዳሜ አይለይም። ስለዚህ አንተ ነህ አልኩ። በቃ፣ እንዲሁ አልኩ። ለነፍስ አባታችን አልነገርኩም፣ ለእትዬ ዘውዲቱማ የማይታሰብ ነው። ደስ አለኝ፣ ታድዬ። ፈራሁ፣ ግን ደስ አለኝ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ኢርማ በሆነች እያልኩ እመኝ ጀመር።

ሦስተኛው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ባለቤትሽ መልእክት ትቶልኛል፣ ጀልባውን ከከሰዓት ወደ ጧት ቀይሬዋለሁ አለችኝ። ከሰዓት ሐይቁ ላይ ንፋስ ይነሳል፣ ሚስቴ ማዕበል ትፈራለች ብሏል።

 በተጋባን ሰሞን ጣና ላይ የሆነውን ከአንተና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ጀልባው ሲናጥ ኮሌታህን አንቄ ይዤ፣ ሸሚዝህን ቀድጄ፣ እንደ ሕፃን ስጮህ የዋልኩትን። እናቴ ስለ ሸሚዙ ስትጠይቅህ ሚስማር ያዘኝ አልክ። ለማንም አልናገርም ብለህ ማልክልኝ፣ አልተናገርክምም።

ቅዳሜ ሥራ አስፈቅጄ በሜትሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድኩ። ኢርማ እንግዳ መጣ ብላ ደስ አላት። መልእክቱን አሰሚኝ አልኳት። ስልኳን ስታሳየኝ ቁጥሩ የአንተ ነው። ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ጠረገ፤ ያቺ የአንተ ሁለቴ መጥረግ። ከዚያ በዚያ ቀስ ባለ እንግሊዝኛህ፣ ባለቤቴ ማዕበል ትፈራለች፣ ጧት ይሁንልን አላት። ሃያ ስድስት ዓመት ጆሮዬ ሥር የኖረ ድምፅ ነው። ደግሜ ሰማሁት። አንተ ሁን፣ ድምፁ አንተን የሚመስለው ልጅህ ይሁን መለየት አቃተኝ። ኢርማ መልእክቱን ወደ ስልኬ ላከችልኝና ውኃ ሰጠችኝ፤ የደከመኝ መስሏታል።

ናታን በመኪና ሊወስደኝ መጣ። ቤልትዌይ ቀለበት መንገዱን ይዘን የፖቶማክ ወንዝ ድልድይ ላይ ስንደርስ፣ የአባትህ ስልክ የት ነው አልኩት። ቁምሳጥኑ ውስጥ መሆን ነበረበት። ኪሱን ነካ ነካ አደረገ።

"ማም፣ አልዋሸኋትም" አለኝ። "ሚስተር ታደሰ ነህ? ስትለኝ የስ አልኳት። ላስት ኔሜ አይደለም እንዴ? ዳድ የጀመረውን ፊኒሽ ላደርግለት ነው። ብነግርሽ ኖ ትያለሽ ብዬ ነው።"

እውነቱን ነው፣ አልዋሸም። እኛ ልጃችንን በአባቱ ስም ጠራነው፣ አሜሪካ ደግሞ ያንን ስም የቤተሰብ ስም አደረገችው፤ ሁለታችሁም ሚስተር ታደሰ ሆናችሁ ቀራችሁ። የፀሐዩን ነገር አንተ ስታወራ ሰምቷል። ጾሙንም እሱ ነው ያለው፤ ለእኔ አስቦ ነው፣ አፈርኩ። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረኝ። ቀለለኝ፤ አዘንኩም። እሺ ጀልባውን ማን ነገረህ አልኩት።

"የቱ ጀልባ?" አለ።

መልእክቱን ከፍቼ አሰማሁት። መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። ድጋሚ ክፈቺው አለኝ፣ ከፈትኩለት። እኔ ማይ ዋይፍ ብዬ አላውቅም አለ። "ቮይሱ የእኔ ነው መሰለኝ። አላውቅም፣ ማም። እኔ መሆኔን አላውቅም" አለኝ። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል። ልጄ እንደዚያ ፈርቶ ያየሁት ልጅ ሳለ እንኳ ትዝ አይለኝም።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ተከፈተ ልበልህ። ክር የምታስገባበትን መነጽር እያደረገ ስልኩን ያነባል። ዓይኑ ደህና እኮ ነው! ስልክ ከማንሳቱ በፊት ጉሮሮውን ሁለቴ ይጠርጋል። ሲቆም ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል፤ አንተን እንኳ ትከሻህን ያጎበጠህ የብዙ ዓመት ስፌት ነው፣ እሱ ምን ሰፍቶ ነው? ባለፈው ማክሰኞ ከኩሽና ሆኜ፣ አፌ ለምዶበት፣ "ታዴ" ብዬ ተጣራሁ። "ወዬ" አለኝ። በአማርኛ፣ ቶሎ፣ ቀና ሳይል። ማን ብዬ እንደጠራሁት አላስተዋለም። ድንቹን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

እሑድ እትዬ ዘውዲቱ መጡ። ሰዉ ሁሉ ሲያወራ ሰምተው ነው የመጡት፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ አናንዴል ሁሉ ስለ ጉዟችን ያውቃል። ተቆጡ። "ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ሽርሽር? ከል ለብሶ ጓቲማላ? ሰው ምን ይላል፣ ጽጌ?" አሉኝ። ናታን መነጽርህን አድርጎ ከመታጠቢያ ቤት ወጣ። እትዬ ዘውዲቱ ተነሥተው ጉንጩን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት፣ ሳሙት። "ወንድሜን መለሰልኝ" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ታዴ አብሮሽ ከሄደማ ይሁን፣ ሂጂ" አሉኝ። ናታን ፈገግ አለ። ስሜ ናታን ነው አላላቸውም።

 በእርሳቸው አልፈርድም፤ እኔስ ከሰኔ ጀምሮ ምን ስመኝ ነበር? የሞተውን መልሱልኝ ስል፣ ያለው እየሄደብኝ ነው።

በማግሥቱ ወደ ኢርማ ተመልሼ ሄድኩ። ባሌ በመጋቢት ነው የሞተው አልኳት። እንግሊዝኛዬ ተሰባብሮ ወጣ፣ ግን ወጣ። ስልኳን አየች፣ እኔን አየች፣ አማተበች።  ከዚያ፣ በእናቷ መንደር በመታሰቢያው ዕለት ለሙታኑ ምግብ እንደሚያቀርቡ፣ በር ክፍት እንደሚተዉ ነገረችኝ። ሲመሽ ግን ይሸኟቸዋል። አክብረን ጠርተን፣ አክብረን ነው የምንሸኘው፤ ያልተሸኘ ይቆያል አለችኝ። ከዚያ እንደ ሥራዋ ጠየቀችኝ፤ ሁለት ሰው ነው ሦስት?

ሁለት አልኳት። ጽጌና ናታን። ከእንግዲህ ሚስተር ታደሰ አትበይው፣ ናታን በይው አልኳት። ስልክ ቁጥርህንም ከፋሚሊ ፕላኑ አስወጥቼ አዘጋሁት፤ ናታን ሲሰማ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ አለቀሰ። ከሞትክ ወዲህ ሲያለቅስ የመጀመሪያው ነው። በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁት፤ የሚያለቅሰው በራሱ ድምፅ ነበር፣ ቀጭን፣ የልጅ። ጀልባውን ግን ጧት እንዳለ ተውኩት። አንተ ከሆንክ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሐሙስ እንሄዳለን። ጥቁሬን ለብሼ ነው የምሄደው፣ ሰውም ያለውን ይበል። መቃብራቸው ዳር ከሰዎቹ ጋር እውልና ስምህን ጠርቼ እሸኝሃለሁ። አልረሳህም፣ ዓለሜ። ቁርባናችንን፣ ሳቅህን፣ ከጣትህ የማይለቀውን የስፌት መኪና ዘይት ሽታ፣ ሁሉንም በራሴ ልብ እይዘዋለሁ፤ ሙት ዓመትህንም መጥቼ በወጉ አወጣለሁ። እስክሞት የማስታውስህ እኔ ነኝ፤ ለዚያ እኔ እበቃለሁ።

ልጁን ግን ልቀቅልኝ። ስትወደው እንደኖርክ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ነው የምለምንህ። ዛሬ ጧት "ናታን" ብዬ ሦስቴ ተጣራሁ፣ ዝም አለኝ። እዚያ ሐይቁ ላይ ደግሜ እጠራዋለሁ። ስትቆጣው የኖርክባትን፣ ያቺን ስድ "ዋት?" ይበለኝ። አደራህን፣ አንተ ወዬ እንዳትለኝ።

ያንተዋ ጽጌ