ከአዳራሹ ያስወጣኝ አሚን

ሰይድዬ፣

ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ እኔው ልንገርህ፤ ባለፈው ቅዳሜ ወልድያ ላይ፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ፣ እንደ ረባሽ ተማሪ ተባረርኩ። በዚህ ዕድሜዬ! ሻርፔን እየጎተትኩ ስወጣ አንዷ ለጓደኛዋ "አሰልጣኟ እኮ ናት" ስትል ሰማሁ። አንባቢዎቼም ከሰው አፍ ከሚሰሙት ከኔው ይስሙት ብዬ ነው ይህን ደብዳቤ ዓምዴ ላይ የማወጣው።

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። በሩ ላይ የተከልከው ማንጎ ዘንድሮ አፍርቶ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዘመዴ ሆኗል። አጥሩን አሳድሼዋለሁ። ወንበርህ ግን እዚያው ነው፤ እንግዳ ሊቀመጥበት ሲል "እግሩ ተሰብሯል" እያልኩ እዋሻለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደህና ወንበር ነው።

ትልቁ ወሬ ግን ሌላ ነው። ያንተን የግጥም ልጆች የሚያሰለጥን ጠፍቶ የትምህርት ቤትህ ርዕሰ መምህር እኔ ቤት ድረስ መጡ። "እርስዎ ስንት ዓመት ሲያስጠና ሰምተዋል፣ ያውቁበታል" አሉኝ። "እኔ የማውቀው ወሬ ነው" ብላቸውም አልሰሙኝም። እናም እንዳንተው ልጆቹን ከሜዳው ወዲያ አቁሜ፣ እኔ ከወዲህ አስፋልቱ አጠገብ እቀመጣለሁ። አይሱዙ ሲያልፍ ድምፃቸው ካልደረሰኝ እጄን ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ይህ ያንተ ምልክት መሆኑን የሚያውቁት ትልልቆቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ እኔም መኪና የማይ መስዬ ወደ አስፋልቱ ዞርኩ።

ከመካከላቸው ዘሀራ የምትባል የግራና ልጅ አለች፤ እዚህ መርሳ አክስቷ ቤት ተቀምጣ አስራ አንደኛ ክፍል የምትማር፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። ያንተን የዝናም ግጥም ሰጠኋት፦

ዝናሙ ይምጣልን በሰላም በጤና፣
ያኮረፈው ሰማይ ታርቆን እንደገና።

ሁለቱን ስንኝ ትልና ቀጥ! ረሳችው ብዬ የሚቀጥለውን ከሜዳው ማዶ እጮህላታለሁ። ሁለት ስንኝ ትልና ደግሞ ዝም። ጓደኞቿ "ዘሀራ፣ ኔትወርክ ተቋረጠ እንዴ?" እያሉ ይስቁባታል። በመጨረሻ ተናድጄ "ምነው ልጄ፣ ቃሉ አልያዝልሽ አለ?" ስላት አንገቷን ደፍታ፣ "ቃሉንስ ይዤዋለሁ እትዬ፤ አሚን እስኪባል እየጠበቅሁ ነው" አለችኝ።

ለካ ያደገችው ግራና፣ ሴቶች ለዱዓ ሲሰበሰቡ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ነው። እዚያ አንዷ ትመርቃለች፣ ሌሎቹ አሚን ይላሉ፤ አሚን ሳይባል ምርቃቱ አይቀጥልም። "ይሄ ግጥም ነው እንጂ ዱዓ አይደለም፤ ወልድያ ውድድሩ ላይ ዝም ካልሽ ዳኞቹ ረሳች ብለው ይጥሉሻል" አልኳት። "እሺ" አለች። እሺ ብላም ያው ዝም።

ጭንቀቴ ይገባሃል። ወልድያ ላይ ያለፈ ባሕር ዳር ሄዶ ይወዳደራል፤ ያንተ ልጆች ደግሞ አንድም ጊዜ ከወልድያ አልፈው አያውቁም። በየዓመቱ ወድቀው ሲመለሱ እነሱን ስታጽናና ውለህ፣ እቤት ገብተህ እዚያ ወንበር ላይ እንዴት እንደምትተክዝ የማውቀው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ በሚኒባስ ሄድን። ሲሪንቃን እስክናልፍ ሁሉም ይለፈልፋል፤ እሷ ብቻ በመስኮት ደረቁን ማሳ ታያለች። ተራዋ ደርሶ መድረክ ላይ ወጣች። ሁለቱን ስንኝ አለች። ዝም። ከዳኞቹ አንዱ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ያወረዱ ሰውዬ፣ እስክሪብቷቸውን አነሱ። ሰይድዬ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፤ ብድግ ብዬ "አሚን!" አልኩ።

ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየኝ። ዳኛው "ተወዳዳሪን መርዳት ክልክል ነው" አሉ። "እርዳታ አይደለም፣ መልስ ነው" ብል ማን ይስማኝ? ተንሾካሾኩና፣ ልጅቷ እንደገና ትጀምር፣ ሴትዮዋ ትውጣ ብለው ፈረዱ።

በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ቆምኩ። ጥበቃው፣ አንገታቸው ላይ ማተብ ያለ ሽማግሌ፣ "እዚህም መቆም አይቻልም" ሊሉኝ ጀምረው ፊቴን ሲያዩ ተዉት። ድምፅዋ መጣ። በአይሱዙ ላይ የሰለጠነ ድምፅ የተዘጋ በር ምን ያደርገዋል! ሁለት ስንኝ። ዝም። አለቀላት ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ከዚያ አንድ ሰው "አሚን" አለ። አንዲት ሴት "አሜን" አለች። በሚቀጥለው ዝምታ የአዳራሹ ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም! አሚኑና አሜኑ ተቀላቅሎ በሩ ከእጄ ስር ተንቀጠቀጠ። ጥበቃው ኮፍያቸውን አውልቀው እሳቸውም ከኔ ጎን "አሜን" አሉ። ያንን ግጥም ካንተ አፍ ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ምርቃት መሆኑን ግን ያወቅሁት እዚያ በር ላይ ቆሜ ነው። አንተስ ታውቅ ነበር? ስንኞቹን ሁለት ሁለት አድርገህ መሀላቸውን ክፍት የተውከው ለዚህ ኖሯል?

ውጤቱ ሲነገር አስገቡኝ። ባለመነጽሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠራርገው "ዝምታውም ከግጥሙ ነው ብለናል" አሉ። ዘሀራ አለፈች! አላለቀስኩም ልልህ ነበር፤ አልቅሻለሁ። ወደ መርሳ ስንመለስ ያ ኔትወርክ ተቋረጠ ይላት የነበረ ልጅ፣ አፏን በከፈተች ቁጥር አሚን እያለ አደከማት።

እንግዲህ ባሕር ዳር ነው። የዚያ አገር ሰው ይመልስላት አይመልስላት አላውቅም፤ እኔ እንደሁ አፌን በሻርፔ ይዤ እቀመጣለሁ። ስመለስ ወንበርህን ማንጎው ስር አወጣና ከማንም በፊት ላንተ አወራልሃለሁ። አልረሳህም፣ ሰይድዬ። እስከዚያው ማታ ማታ ስምህን ጠርቼ ዱዓ ሳደርግልህ፣ መሀል ላይ ትንሽ ዝም እላለሁ።