የሰረዝኩት መስመር

ጥር 8
ቧንቧው ዛሬም ያንጠባጥባል። የግቢው አጥር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ሰው ሁሉ ሳያነበው ያልፋል። መነጽሬን አድርጌ ቆሜ አነበብኩት። ግቢያችን ይፈርሳል። በቦታው አንድ አልሚ ስልሳ አፓርታማ ይሠራል። በደንቡ መሠረት ከአምስት ቤት አንዱ በዝቅተኛ ኪራይ ለነባር ተከራዮች… ይኸውም አሥራ ሁለት ቤት። እኛም አሥራ ሁለት ተከራይ ነን። ልክክ!
ሁለት የፊደል ስህተት አለበት። በእርሳስ አረምኩት።
ደንቡን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ማዘጋጃ ቤት ሳለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ግን ምን ይደበቃል… ኮራሁ።

ጥር 11
ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ የሕንፃውን ንድፍ ይዛ መጣች። “እትዬ፣ ያንብቡልኝ እስቲ። የእኔ ዓይን የሚያውቀው መርፌ ነው።”
አነበብኩ። አሥራ ሁለቱም ቤቶች ባለ አንድ ክፍል ናቸው። ሁሉም! ለእኔ ለብቸኛዋ ይበቃል። እሷ ግን ባል፣ ሦስት ልጅ፣ አማት… ከራሷ ጋር ስድስት ነፍስ። በአንድ ክፍል ደግሞ ከሦስት ሰው በላይ አይገባም፤ የጤና ደንብ ነው።
“ታዲያ ሦስታችን የት እንደር? በፈረቃ እንተኛ?” ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እዚህ ካልገባች ዕጣዋ የከተማው ጫፍ ነው። ደንበኞቿ እዚህ፣ የልጆቿ ትምህርት ቤት እዚህ…

ጥር 12
የድሮውን ፋይል አወጣሁ። ያኔ መሐንዲሱ ባቀረበልኝ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ “የክፍሎቹ ብዛት እንደ ቤተሰቡ ብዛት ይሆናል” የሚል መስመር አለ። በቀይ እርሳስ ተሰርዟል። በዳሩ ላይ “ይረዝማል” ተብሎ ተጽፏል። የእኔ እጅ ጽሑፍ።
የልጅነት መምህራችን “አጭር ዓረፍተ ነገር አይጣመምም” ይሉን ነበር። ያስረዘመ ተማሪ መዳፉ ማስመሪያ ይቀምሳል። እሳቸውን ልውቀስ? አይ። የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ደንቡ ሲጸድቅም ተጨብጭቦልኝ ነበር…

ጥር 15
ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። የደንብ ክፍሉን ኃላፊ ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ጸጉሩ ሸሽቷል። ሲያየኝ አሁንም ኮቱን ይቆልፋል።
“እትዬ፣ ማን እንዳረቀቀው የሚያስታውስ የለም እኮ። ሆድ ይፍጀው።”
“የእኔ ሆድ አርጅቷል ልጄ። አይፈጅም።”
የግንባታ ፈቃዱ ገና አልተፈረመም። ደንቡ ከፊርማው በፊት ከተሻሻለ እኛንም ይመለከታል። የካቲት 3 የሕዝብ ስብሰባ አለ።

የካቲት 3
ተነሥቼ ተናገርኩ። ደንቡ የእኔ ነው፣ በር ቆጠርኩ እንጂ ሰው አልቆጠርኩም፣ አልኩ።
የአልሚው ወኪል ፈገግ አለ። “እናታችን፣ እግዜር ይስጥልን! በደንቡ መሄዳችንን የደንቡ እናት መሰከሩልን።” አዳራሹ ሳቀ። ቆሌዬ ተገፈፈ። እውነቱን እኮ ነው…
ልብስ ሰፊዋ ከኋላ መጣች። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ወለሉን ለካች። አራት ሜትር በሰባት፤ የአንዱ ቤት ልክ። በጠመኔ አሰመረችና ቤተሰቧን ወደ ውስጥ ጠራች። “ጌታዬ፣ አማቴን የት ላስተኛት? እርስዎ ይምረጡ። ምድጃውን እንዳይረሱ!” አሁን የተሳቀው በእሱ ነው። አማቲቱ ግን አልሳቁም፤ መቆሚያ አጥተው መስመሩን ረግጠው ቆሙ።
ሰብሳቢው ማሻሻያውን እኔው አርቅቄ እንዳቀርብ አዘዘ። ፊርማው እስከዚያ ይቆያል።

የካቲት 6
አልሚው የዝቅተኛ ኪራይ ቤቶቹ ጠቅላላ ስፋት እንዳይጨመር ተሟግቶ ረታ። ግድግዳው ብቻ ይነሣል። አሥራ ሁለቱ ጠባብ ቤቶች ሰባት ሰፋፊ ይሆናሉ።
ግቢያችን ውስጥ ልጅ ያላቸው ሰባት ናቸው። ብቻችንን የምንኖር አምስት። ደግሜ ቆጠርኩ።

የካቲት 9
ለአራቱ ብቸኞች ቤት እንደማይደርሰን ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው። ጡረተኛው ጥበቃ “በወሬ ከምሰማው ይሻላል” አለኝና በሩን ዘጋ። የሚያኮርፍበት ምክንያት አለው።
ማታ ረቂቁን ለልብስ ሰፊዋ አነበብኩላት። በሕይወቴ ከመሥሪያ ቤት ሠራተኛ በቀር ለማንም ረቂቅ አንብቤ አላውቅም።
“አማት ቤተሰብ ናት ወይስ እንግዳ?” አለች።
“ቤተሰብ ናት እንጂ።”
“ይጻፋ! ካልተጻፈ እንግዳ ያደርጓታል።”
ጻፍኩ። በአንድ መኝታ ከሦስት ሰው በላይ እንዳያድር የሚለውንም ከጤና ደንቡ ወስጄ ጨመርኩ። አራት መስመር ሆነ።

የካቲት 17
ጸደቀ። ወኪሉ በር ላይ ጠብቆ “በድሮው ደንብዎ አሥራ ሁለት ተከራይ ይገባ ነበር፤ አሁን ሰባት። አምስቱ ይጠይቁዎታል” አለኝ።
ትክክል ነው። ከአምስቱ አንዷ እኔ ነኝ፤ እኔም ራሴን እጠይቃለሁ።

ሰኔ 1
ግቢው ፈረሰ፤ እህቴ ቤት ገባሁ። ከድሮው ሰፈር በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ። እሷ መስኮት ከፍታ ትተኛለች፣ እኔ ዘግቼ። ሁለት አሮጊት በአንድ መስኮት እንጨቃጨቃለን።
ልብስ ሰፊዋ የምደባ ደብዳቤዋን ልታሳየኝ መጣች። ሁለተኛ ፎቅ፣ ሁለት መኝታ። ማኅተሙን በጣቷ ትነካካዋለች።
“ሕንፃው ሲያልቅ ከእኛ ጋር ይግቡ እትዬ። አንዲት ጥግ አናጣም።”
“በሁለት መኝታ ከስድስት ሰው በላይ አያድርም።”
“ማን አለ?”
“እኔ።”
ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች።
“እንግዲያው ቀን ቀን ይምጡ” አለች። “ስለሚያድር ሰው ነው የጻፉት። ስለሚውል ሰው አልጻፉም።”
እውነቷን ነው። አልጻፍኩም።