ያልወለድሁትን ልጅ ይዘሽ ቅረቢ ላሉኝ ለክቡር ሬዚደንቴ

ቀራንዮ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር ሲኞር ሬዚደንቴ፣ የኮልፌና የቀራንዮ ሠፈር ሹም፣ የመንገዳችን፣ የኬላችንና የመዝገባችን ባለቤት፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እጅዎ በሚገባበት ሰዓት ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የጠገበ፣ ሆድዎም ከአገራችን በርበሬ ጋር የታረቀ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። በእኛ ወግ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የሌላውን ጤና ከጠየቀ በኋላ እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ ብሎ ይቀጥላል። እኔም ወጉን ላደርስ ብዬ ብዕሬን ሁለት ጊዜ አነሣሁ፣ ሁለት ጊዜም መልሼ አስቀመጥሁ፤ ደኅና አይደለሁምና። ደም ይፈሰኛል። ሦስት ቀን ቢያርፍ አሥር ቀን ይመጣል፤ እንዲህ ሆኜ አሥራ አራት ወር አለፈኝ።

ስሜ ወለተጻድቅ ገብረማርያም ነው። አባቴ የመድኃኔ ዓለም ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ብዕር መቅረጽና ቀለም መበጥበጥ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቀይ ቀለም ለቅዱሳን ስም ነው እያሉ ጥቁሩን ብቻ ያስነኩኝ ነበር። እርስዎ ግን በዚህ አያውቁኝም። በመዝገብዎ የምታወቀው በጥር ወር ፲፱፻፴ ዓ.ም. «እርጉዝ፣ ስድስት ወሯ» ተብዬ በመጻፌ ነው። ክቡር ሆይ፣ በሆዴ ያለው ልጅ አይደለም፤ ዕጢ ነው። ያኔም ዕጢ ነበር፣ ዛሬም ዕጢ ነው። መሥሪያ ቤትዎ ግን ባለፈው ሳምንት ማኅተም የተመታበት ወረቀት ልኮ፣ የወለድሁትን ልጅ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይዤ እንድቀርብ አዞኛል፤ ካላቀረብሁም ጫካ ላሉት ሽፍቶች ሰጥቼው እንደሆነ ይመረምረኛል። የአሥራ አራት ወር ሕፃን ይሸፍትብኛል ብሎ የሚሰጋ መንግሥት ጥንቃቄው የሚያስመሰግን ነው።

የሴት የደም ነገር በእኛ ዘንድ በአደባባይ አይወራም። ገበያ ዳር ተቀምጠው ደብዳቤ ለሚጽፉት ሰዎች እንኳ፣ ወንዶች ናቸውና፣ ቃሉን መናገር አፍሬ በራሴ እጅ ጻፍሁት። ነገር ግን ገመናዬን እርስዎ አስቀድመው በማኅተም ስላወጡልኝ የምሸሽገው አልቀረኝም። ስለዚህ ካፈርሁ አይመልሰኝ ብዬ ደብዳቤውን በሦስት ቅጂ ጽፌ አንዱን ለመሥሪያ ቤትዎ ሰድጃለሁ፤ ሁለተኛውን አዋጅዎ በሚለጠፍበት፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ባለው ጽድ ላይ ለጥፌአለሁ፤ ሦስተኛውንም ለአንድ ሰው አድርሻለሁ። ምስጋናዬና አቤቱታዬ በቁጥር እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ፦ ስለ ምዝገባው ቀን እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ሠፈርተኛው ወንድና ሴት ሳይለይ በአንድ ሰልፍ ተገትሮ ሳለ፣ ጸሐፊዎ ሆዴን በእርሳስ ጠቁሞ ምን እንደሆነ በአስተርጓሚው በጉልላት አፍ አስጠየቀኝ። ጉልላት የጎረቤት ልጅ ነው፤ እናቱና እናቴ አንድ ማኅበር ይጠጡ ነበር። ከኋላዬ ስልሳ ወንድ ቆሟል። በአገራችን ጨዋ ሴት እንዲህ ያለ ነገር ስትጠየቅ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ ዝም ትላለች፤ ያረገዘችም ብትሆን ያው ዝም ነው የምትለው፤ ስለዚህ ዝምታዋ እንደ አዎንታ ይቆጠርላታል። እኔም ዝም አልሁ። ጉልላት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ እርጉዝ ናት አለልኝ፤ ከኀፍረትም፣ ከመንገዱ ሥራ የድንጋይ ሸክምም ያዳነኝ መስሎት ነው። ጸሐፊዎም ጻፈ። ጥፋቱን ብቻዎን ይሸከሙት አልልም፣ እኔም አለሁበት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ የእኛ ሰዎች፤ የእኔ ግን ነቀዘ። ባሌ ደመቀ በየካቲቱ እልቂት ሰሞን ተይዞ ከታሰረ በዚያ ቀን አሥራ አንድ ወሩ ነበር፤ የተጻፈልኝ ደግሞ የስድስት ወር እርግዝና ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ፤ የጨነቃትን ሴት በእርሳስ የሚያስረግዝ መሥሪያ ቤት ግን በእርስዎ ዘመን ለማየት በቃሁ።

፪ኛ፦ መዝገብዎ ትወልዳለች ባለበት በሚያዝያ ወር ደሙ አልቆም አለኝ። ደም ያለባት ሴት ቤተ መቅደስ አትገባም፤ አራስም እንዲሁ አትገባም። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆሜ ማስቀደስ ጀመርሁ። ሰውም አርባ ቀን ቆጠረና እንግዲያስ ወንድ አይደለም አለ፤ ሰማንያ ቆጠረና ሴት ናት፣ አሁን ክርስትና ታስነሣለች አለ፤ ሰማንያው አልፎ እዚያው ቦታ ስቆም ጊዜ ልጅቷን ምን አደረገቻት ማለት ተጀመረ። የሠፈሬን ሰው አልቀየምም። እግዜር ያሳያችሁ፣ ማኅተም ያለበትን ወረቀት የማያምን ማን አለ?

፫ኛ፦ ሐሙስ ሐሙስ ስለሚልኩልን ዶቶሬ የማመሰግንዎ ያለ ምንም ሽሙጥ ነው። ሆዴን ዳብሶ በዚያች በሚያውቋት አማርኛው «ባምቢኖ የለም»፣ ልጅ የለም ማለቱ ነው፣ አለኝ፤ ከመንግሥትዎ ሰዎች ሁሉ እውነት የነገረኝ እርሱ ብቻ ነው። የማህፀን ዕጢ ነው፣ ብዙ ሴት ተሸክማው ሳታውቀው ታረጃለች፣ ስለዚህ ከቢላዋው በፊት በተፈጥሮ መንገድ ሞክሪ ብሎ ምክሩን በረዳቱ እጅ አስጽፎ ሰጠኝ። ወረቀቱን እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤዋለሁ።

ዕረፍት አድርጊ፣ ከባድ አትሸከሚ ይላል። መሥሪያ ቤትዎ እርጉዝ ናት ብሎ ከድንጋይ ሸክም ነፃ አውጥቶኝ ነበር፤ በሰኔ ግን ወልዳ አርባ ቀኗን ጨርሳለች ብሎ መለሰኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ በሳምንት አራት ቀን ለመንገድዎ ድንጋይ እሸከማለሁ። መንገዱ በእውነት ያምራል። አንዳንዱ ድንጋይ ቀላ ብሎ ካገኙት የእኔ ነውና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ጎመን ብዪ ይላል። የጓሮዬን የጎመን መደብ ለበቅሎዎችዎ ማሰሪያ ስለወሰዱት ጎመኑን የበሉት እነርሱ ናቸው፤ ከመካከላቸውም ሆዷን ይዛ የምታቃስት በቅሎ አይቼ ስለማላውቅ የዶቶሬው ምክር ለበቅሎ እንደሚሠራ ተረድቻለሁ። ሥጋና ቅቤ ተዪ ይላል። ይህችን ብቻ አንድ ቀን ሳላጓድል ፈጽሜአታለሁ፤ እናንተ ከገባችሁ ወዲህ በቤቴ ጾሙና ፍስኩ አንድ ሆኗልና። ጠዋት ጠዋት በንጹሕ አየር ተራመጂ ይላል፤ ያለ ፈቃድ ከኬላው ወዲያ እግር አይወጣምና ከኬላው እስከ በቅሎዎቹ እመላለሳለሁ። መጨረሻ ላይ አትዘኚ ይላል። እሱ መድኃኒት ከገበያ ጠፍቷል፤ እርስዎ ዘንድ የተረፈ ካለ ጥቂት ይላኩልኝ።

ተልባውን ግን አላጣሁም፤ ጎረቤቴ እማማ ሰርኬ ይኑሩልኝ። ከከፋ አገር መጥተው እዚህ ያረጁ ሴት ናቸው። ተልባውን ቆልተው ይወቅጡልኛል፣ ምስርና አብሽ ያመጡልኛል፣ ሲቆርጠኝ ጡብ በእሳት አግለው በጨርቅ ጠቅልለው ሆዴ ላይ ያስቀምጡልኛል። ቁርጠቱ ይለዝባል፣ ሆዴም ይላላል፤ ጡቡ እስኪበርድ ድረስ ሰው እሆናለሁ። እሳቸው ራሳቸው ግን አይዋሹኝም፤ ልጄ፣ ይሄ ያባብለዋል እንጂ አያወጣውም፣ የሚቆርጥ ሐኪም ፈልጊ እያሉ ከዓመት በላይ ወተወቱኝ።

፬ኛ፦ ዶቶሬውም ያለው ይህንኑ ነው። ደሙ በሦስት ወር ካልቆመ ከተማ ካለው ትልቁ ሐኪም ቤት ሄዳ በቢላዋ ይውጣላት፣ ከዘገየ ደሟ ያልቃል ብሎ በፊርማው ጻፈልኝ። ሦስቱ ወር አልፎ ዓመት ሆነ። ኬላውን ለማለፍ የእርስዎ የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን ስጠይቅ ደግሞ በመዝገብ እርጉዝ የሆነች ሴት የምትላከው ወደ አዋላጅ ነው ተባልሁ። ለድንጋዩ ሲሆን ወልጃለሁ፤ ለሐኪሙ ሲሆን ገና እርጉዝ ነኝ። ይህን ጥበብ የእኛ ሊቃውንት አልደረሱበትም።

እሺ ብዬ አዋላጇ ዘንድ ሄድሁ። አንድ ጊዜ አዳምጣኝ በሆዷ ልጅ የለም ብላ ጻፈችልኝ። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ይዤ እየተደናቀፍሁ መጣሁ፤ በዚህ ወረቀት «እርጉዝ» የሚለው ቃል ከመዝገቡ ይፋቃል፣ ነገ ኬላውን አልፋለሁ ብዬ ነበር። ጸሐፊዎ አነበበና አሰበ። ቀድሞ ልጅ ነበር፣ አሁን የለም፤ ስለዚህ ወልዳ ደብቃዋለች ሲል ፈረደ። ልጅሽን አምጪ የሚለው ወረቀት የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። በመሥሪያ ቤትዎ የተወለደ ነገር ቢኖር እርሱ ብቻ ነው።

፭ኛ፦ በመጨረሻ፣ በግንቦት ወር ደመቀን በምሕረት ስለፈቱልኝ አመሰግናለሁ። ከሁለት ዓመት ከሦስት ወር እስራት በኋላ ወደ ቤቱ ከመምጣቱ በፊት፣ እንደ ደንቡ፣ ሊፈርም ወደ እናንተ መጣ። ጸሐፊዎም የቤተሰቡን ገጽ ገልጦ «ሚስት፣ እርጉዝ፣ ጥር ፲፱፻፴» ብሎ አነበበለት። ከዚያ ደመቀ እስከ አጥሬ ድረስ መጣ። ሳሉን ሰምቼ ተነሣሁ፤ ራሴን ስለሚያዞረኝ ግድግዳውን ይዤ እስክወጣ ድረስ ሄዷል። አጥሩ ላይ ያስቀመጠውን አንድ ቁራጭ ሳሙና አገኘሁ። እስር ቤት ሳለ ለእኔ ብሎ ሳይታጠብበት ያቆየው መሆን አለበት። አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ እኅቱ ቤት ነው ያለው። እሑድ እሑድ አየዋለሁ፤ እርሱ ዝቅ ብሎ ተሳልሞ ይገባል፣ እኔ ከደጅ እቆማለሁ። ተከትዬው እንዳልገባ ደሙ አለ። ጠርቼው እንዳልናገር የሰው ዓይን አለ። ክቡር ሆይ፣ ይህን ለእርስዎ መጻፍ አሳፋሪ ነው፤ ግን ናፍቆኛል። ሦስተኛው ደብዳቤ የእርሱ ነው።

የምለምንዎ ቀላል ነገር ነው። በዚያች «እርጉዝ» በምትለው ቃል ላይ አንድ መስመር ያስምሩልኝና ኬላውን የሚያሳልፍ ወረቀት ይፈርሙልኝ። ጥፍሬ ነጥቷል፤ ብድግ ስል ዓይኔ ይጨልማል፤ ይህችን ደብዳቤ የጻፍሁት በአራት ቀን ነው። እማማ ሰርኬ ሰሞኑን ሲመጡ ምክር ትተው እጄን ይዘውኝ ይቀመጣሉ፤ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። መሞት አልፈልግም።

ስለ ድፍረቴ ሊያስሩኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። የሚያስሩኝ ከሆነ ከኬላው ወዲያ ባለው እስር ቤት ያድርጉልኝ፤ ለሐኪም ቤቱ ይቀርባል። ይህንንም ደብዳቤ ጉልላት ሲተረጉምልዎ ዓይኑን መሬት ላይ ከተከለ ቃል እየዘለለ ነውና ያስደግሙት። ጉልላት ወንድሜ፣ የዚያን ቀን ለእኔ ብለህ አፈርህ፤ ዛሬ ለእኔ ብለህ አትፈር፣ እንዳለ ንገረው።

ዘመንዎ እንደ መንገድዎ የቀና፣ ጤናዎም እንደ በቅሎዎችዎ የተሟላ ይሁን እያልሁ፣ ለድንጋይዎ ወላድ፣ ለሐኪምዎ እርጉዝ፣ ለባሌ ከሃዲ ተብዬ በመዝገብዎ ጥላ ሥር የምኖር፣

ታዛዥዎ
ወለተጻድቅ ገብረማርያም

ማሳሰቢያ፦ በመዝገብዎ የልጁ አባት ስም የሚጻፍበት ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው አሉ። ደመቀ ያን ጊዜ በእስር ቤትዎ ነበር፤ ለዚህ ከእርስዎ የበለጠ ምስክር የለውም። ልጁ የተጸነሰው ከጠረጴዛዎ ላይ፣ በመሥሪያ ቤትዎ እርሳስ ስለሆነ በባዶው ቦታ የራስዎን ስም ይሙሉበት። ቀለም ካጡ ከእኔ ዘንድ ያስመጡ፤ ቀዩ አሥራ አራት ወር ሙሉ አልደረቀም።